ስብሰባው አለቀ፤ ምሽቱስ? በሥራ ጉዞ ላይ ነፃ ምሽታችሁን በምን ታሳልፉ?

ለሥራ ትልቅ ከተማ ደርሶ የተመለሰ ሰው «ከተማው እንዴት ነው?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ሆቴሉና ስለ ስብሰባ አዳራሹ ነው። ይሄ ያስቆጨኛል። ቀኑ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆንም ምሽቱ የራሱ ነበር። ሦስት ምሽት፣ እያንዳንዱ ሦስት አራት ሰዓት፤ ሲደመር አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይወጣዋል።

ምሽቱ የሚባክነው የሚኬድበት ጠፍቶ አይደለም። ሰው ክፍሉ ገብቶ ስለሚቀመጥ ነው። «ልብሴን ልቀይርና እወጣለሁ» ይላል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይከፍታል፣ አንድ ኢሜይል ይመልሳል፣ ከዚያ ሌላ፣ ቀና ሲል ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው «በቃ ነገ» ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ሁሉ ከምንም በላይ የምመዝናቸው በዚህ ጥያቄ ነው፦ ከስብሰባው በቀጥታ ልሄድበት እችላለሁ? ወደ ክፍል ሳትመለሱ የምትሄዱበት መካከለኛ ቦታ፣ ክፍል ገብታችሁ ከምታስቡት ምርጥ ቦታ ይሻላል።

ከመምረጣችሁ በፊት

ቀኑን እዩ። ሰኞ አስቸጋሪ ነው። በብዙ ከተማ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፣ ብዙ ቴአትር ቤቶችም ያርፋሉ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የፓሪሱ ሉቭር የሚዘጋው ማክሰኞ ነው፣ እዚያው ፓሪስ ያለው ኦርሴ ሰኞ፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ደግሞ ረቡዕ። የጉዞ ትኬት በተቆረጠ ቀን አምስት ደቂቃ ወስዶ የቦታዎቹን ድረ ገጽ ማየት ይበቃል፤ ሰዓቱ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ደግማችሁ አረጋግጡ።

ፀሐይዋንም እዩ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለንደን ውስጥ በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሲንጋፖር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው የምትጠልቀው። እንግዲህ ያው የለንደን የወንዝ ዳር የእግር ጉዞ በሰኔ ምርጥ ምሽት ነው፤ በታኅሣሥ ግን ከስብሰባ የምትወጡት ወደ ጨለማና ብርድ ስለሆነ ሙዚየም ወይም ኮንሰርት ይበልጣል።

ሦስተኛው የራሳችሁ ሰውነት ነው። የሰዓት ልዩነት ካለ ሰውነት በቀን የሚያስተካክለው በግምት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ወደ ምዕራብ ለበረረ ሰው ትንሽ ይፈጥናል። ወደ ምዕራብ የበረረ ሰው እንቅልፉ በጊዜ ይመጣበታል፣ ገና ሳይነጋ ደግሞ ዐይኑ ይፈጣል። ለእሱ በመጀመሪያው ምሽት የሦስት ሰዓት ኦፔራ ገንዘብ መጣል ነው። ወንበሩ ላይ ይተኛል። ከጨለማ አዳራሽ ይልቅ ብርሃን እያለ ደጅ ደጁን ማለት ነቅቶ እንዲቆይ ይረዳዋል። ወደ ምሥራቅ የበረረ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ ማታ ንቁ ነው፣ ጠዋት ግን አይነሳም። ምሽቱን ባስረዘመ ቁጥር የነገው የጠዋት ስብሰባ ላይ ይከፍለዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ምሽቱን በቡና ለማዳን ባይሞክሩ ይሻላል፤ ከቡናው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነት ውስጥ ነው።

ሙዚየም ወይስ መድረክ?

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ማታ የሚከፈት ሙዚየም ነው። በፈለጋችሁት ሰዓት ትደርሳላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትወጣላችሁ። ብቻችሁን መሆናችሁን ማንም አያስተውልም፤ ሬስቶራንት ውስጥ ለብቻ መቀመጥ ለሚከብደው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስብሰባው ቢረዝምም የሚበላሽ ነገር የለም።

ታላላቆቹ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ያመሻሉ። ሉቭር ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ኦርሴ ሐሙስ እስከ 3 ሰዓት ከ45። ለንደን ውስጥ ብሪቲሽ ሙዚየም ዓርብ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ ዓርብ እስከ 4 ሰዓት ያመሻል። ሜትሮፖሊታን ዓርብና ቅዳሜ እስከ 3 ሰዓት። የማድሪዱ ፕራዶ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ እሑድ ከ11 እስከ 1 ሰዓት በነፃ ያስገባል። ማድሪድ ለሥራ የሄደ ሰው ከስብሰባ ወጥቶ የቬላስኬዝን ሥዕሎች ምንም ሳይከፍል ማየት ይችላል ማለት ነው። ሰልፍ ግን አለ፤ ቀደም ብላችሁ ተሰለፉ።

አንድ ምክር አለኝ፣ በጣም የማምንበት ነው። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አንድ ክፍል ምረጡና እዚያው ቆዩ። ለምሳሌ ሜትሮፖሊታን ውስጥ ከግብፅ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ የመጣ የዴንዱር ቤተ መቅደስ አለ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው፤ ግብፅ ለአሜሪካ የሰጠችው በ1965፣ ሙዚየሙ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። የቆመበት አዳራሽ አንድ ወገኑ ከላይ እስከ ታች መስታወት ሲሆን ከውጭ የሚታየው ሴንትራል ፓርክ ነው። ቀን ላይ ሰው ይበዛበታል። አመሻሽ ላይ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ የድንጋዩ ቀለም ከመስታወቱ በሚገባው ብርሃን ሲቀያየር ታያላችሁ፣ ጠጋ ብላችሁ ግድግዳው ላይ በኋለኛው ዘመን ያለፉ መንገደኞች የቀረጹትን ስማቸውን ታነባላችሁ። አርባ ደቂቃ እዚያ ያሳለፈ ሰው፣ ሠላሳ ክፍል በሩጫ ካለፈ ሰው የበለጠ አይቷል ባይ ነኝ።

የሙዚየም ጣጣው ሁለት ነው። መግቢያው ከመዘጊያው ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል፣ ጠባቂዎችም ሰዓቱ ሳይደርስ ክፍሎቹን ባዶ ማድረግ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል የማይቀራችሁ ከሆነ ተዉት። ሌላው ቦርሳ ነው። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ሻንጣ ይዞ መግባት በብዙዎቹ ክልክል ነው። ላፕቶፑን ስብሰባው ያለበት ቢሮ የሚያስቀምጥላችሁ ሰው ካገኛችሁ እዚያው ተዉት። ካልተገኘ የሆቴሉ ሪሴፕሽን ያስቀምጥላችኋል፤ ስጡና ከሎቢው በቀጥታ ወደ ደጅ ውጡ፣ ወደ ክፍላችሁ አትሂዱ።

መድረክ፣ ማለትም ቴአትር፣ ኮንሰርት፣ ኦፔራ፣ ውዝዋዜ፣ ከሙዚየም የበለጠ ልብ ውስጥ ይቀራል። ጠባዩ ግን ግትር ነው። ትኬቱ ላይ 19:30 ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው በኦፔራና በኮንሰርት እረፍት እስኪደርስ ደጅ ይቆማል። አለቃችሁ ስብሰባ ማስረዘም የሚወድ ከሆነ የተቆረጠ ትኬት ጭንቀት ነው፤ ሙሉ ከሰዓት ሰዓት እያዩ መዋል። በረራችሁ በዚያው ቀን የሚገባ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትግዙ።

መካከለኛ መንገድ አለው፤ የዕለቱን ትኬት በዕለቱ መግዛት። ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕለቱን የቴአትር ትኬት በቅናሽ የሚሸጥ ዳስ አለ፣ ለንደን ሌስተር ስኩዌር ላይም ተመሳሳዩ ይገኛል። የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ከ400 በላይ የመቆሚያ ቦታ ስላለው ወንበሩ ቢያልቅም ተስፋ አይቆረጥም። ቆመው የሚያዩት ሰዎች ፊታቸው ያለው ብረት ላይ ሻርፓቸውን ያስራሉ፤ ያ ቦታ ተይዟል ማለት ነው፣ ማንም አይነካውም፣ በእረፍት ወጥታችሁ ስትመለሱ ቦታችሁ ይጠብቃችኋል። የመቆሚያው ሌላ ጥቅም ደግሞ እንቅልፍ ካሸነፋችሁ በእረፍቱ ሰዓት ሳትቆጩ መውጣታችሁ ነው። ለንደን ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከተገኛችሁ፣ ሮያል አልበርት አዳራሽ በፕሮምስ ኮንሰርቶች ወቅት በየቀኑ የዕለቱን የመቆሚያ ትኬት ይሸጣል። መቆሚያው እዚያው ከመድረኩ ፊት ለፊት ነው።

የአገሩን ቋንቋ ካልቻላችሁ ከቴአትር ይልቅ ሙዚቃና ውዝዋዜ ምረጡ። ትርጉም በስክሪን የሚያሳዩ ኦፔራ ቤቶች አሉ፣ ደክሞት ለዋለ ዐይን ግን ማንበቡ ሌላ ሥራ ነው። ስታዲየም ገብቶ ኳስ ማየትም ያው መድረክ ነው፤ ድባቡ ልዩ ነው፣ መውጫው ላይ ያለው ሰልፍ ግን አንድ ሰዓት ሊበላ ስለሚችል ጠዋት ሥራ ያለበት ሰው አስቦ ይግባ።

ጀልባ፣ ከፍታና እግር

ለመጀመሪያው ምሽት ከጀልባ የሚሻል አላውቅም። ቀጠሮ የለው፣ ትኬት አስቀድሞ መግዛት የለው፣ ስትደርሱ ትሳፈራላችሁ። የማወራው የቱሪስት መርከብ አይደለም። የከተማው ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የሕዝብ ጀልባ ነው። ከቱሪስት መርከቡ ጋር ያው ውሃ ላይ ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ አብሯችሁ የተሳፈረው ሰው የከተማው ነዋሪ መሆኑ ነው።

የኒውዮርኩ የስታተን አይላንድ ጀልባ ነፃ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ አንዱ መንገድ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ከማንሃተን ስትነሱ በቀኝ በኩል ቁሙ፣ የነፃነት ሐውልት በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። እዚያ ስትደርሱ ሁሉም መውረድ ግዴታው ነው፤ ዞራችሁ በመግቢያው በኩል ተመለሱና ተሳፈሩ። በመመለሻው የማንሃተን ሕንፃዎች መብራታቸውን እንዳበሩ ፊት ለፊት ይመጣሉ። ሆንግ ኮንግ ላይ ስታር ፌሪ ከሲም ሻ ሱይ ወደ ሴንትራል የሚያሻግራችሁ በአሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ኢስታንቡል ላይ ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ የሚሄደው ጀልባ በሃያ ደቂቃ ገደማ ከአውሮፓ ወደ እስያ ያደርሳችኋል። ዱባይ ላይም ክሪክ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ማዶና ማዶ የሚመላለሱት ትንንሽ የእንጨት ጀልባዎች፣ አብራዎቹ፣ አሉ። ረጃጅሞቹን ፎቆች ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው የቀድሞዋን ዱባይ ገና አላያትም።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ከተማ ማየት ከጀልባ ጋር ሲወዳደር ሁለት ጉድለት አለበት፤ ሰማዩ ከደመነ ምንም አይታይም፣ ታዋቂዎቹ ፎቆች ደግሞ ውድ ናቸው፣ ሰዓት ያስመርጣሉ። ነፃ የሆነ ካገኛችሁ ግን ሂዱ። የቶኪዮ ከተማ አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ ላይ፣ 202 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማንም በነፃ የሚወጣበት ማያ አለ። ፀሐይ ከመጥለቋ ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ቀድማችሁ ብትደርሱ ከተማውን በቀን ብርሃንም በመብራትም ታዩታላችሁ። አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከታች ሲያዩት ያምራል። የኤፍል ግንብ ማታ ማታ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከላዩ የወጣ ሰው ይሄ ያመልጠዋል። ሲንጋፖር ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ ውስጥም በየምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 እና 2 ሰዓት ከ45 ላይ ግዙፎቹ የብረት ዛፎች ከሙዚቃ ጋር የሚያበሩበት ነፃ ትርኢት አለ፤ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ማየት ይቻላል።

በእግር መሄድ ከፈለጋችሁ ክብ አትዙሩ። በአንድ አቅጣጫ፣ በተለይ ወንዝ ወይም ባሕር ዳር፣ እስኪደክማችሁ ሂዱና በባቡር ተመለሱ። ለዚህ ግን የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ማወቅ ግድ ነው። የኒውዮርክ የምድር ባቡር 24 ሰዓት ይሠራል። የቶኪዮ እኩለ ሌሊት ገደማ ያበቃል። የለንደኑ በአንዳንድ መስመሮች ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በአገሩ ፊደል የተጻፈበትን ካርድ ከሪሴፕሽን ወስዳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ የስልክ ባትሪ ባለቀበት ሌሊት ለታክሲ ሹፌር የምታሳዩት እሱን ነው። ብቻዋን የምትወጣ ሴት ደግሞ፣ ወንድም ቢሆን፣ የምትሄድበትን ለአንድ የሥራ ባልደረባዋ ብትናገር፣ ሰው የሚበዛበትን ዋና መንገድ ብትመርጥ ጥሩ ነው። ጀልባና ሙዚየም ከማላውቀው ሰፈር የእግር ጉዞ የሚበልጡብኝ በዚህም ምክንያት ነው።

ከማን ጋር?

ከባልደረቦች ጋር እራት መውጣት ቀላሉ ምርጫ ነው፤ በየምሽቱ ከሆነ ግን ጉዞውን ይውጠዋል። ወሬው ተመልሶ ስለዚያው ሥራ ነው፣ ስምንት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጥ ደግሞ ትዕዛዙና ሒሳቡ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ምሽት ስጡት፣ እሱም የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ይሁን። ቀድማችሁ ከተገኛችሁ በሌሎቹ ምሽቶች «ዛሬ ሌላ ፕሮግራም አለኝ» ማለት አይከብድም። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ የሥራ ጉዳይ የሚፈታውም በስብሰባው ሳይሆን በዚህ እራት ላይ ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ መቅረትን አልመክርም። የመሥሪያ ቤቱን ሚስጥር ግን ሬስቶራንት ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ጥሩ አይደለም። የጎን ጠረጴዛው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ በተለይ ሁሉም ሰው ለአንድ ጉባኤ በመጣበት ሰሞን።

እዚያ ከተማ የሚኖር ወዳጅ ወይም ዘመድ ካላችሁ፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ትታችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ይሄ ውድድር ውስጥ አይገባም። የትኛውም ሙዚየም ለዓመታት ካላዩት ሰው ጋር ከሚያሳልፉት ምሽት አይበልጥም። ችግሩ የሚመጣው ስንደርስ ስለምንደውል ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሩት፣ ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ «እንደዋወላለን» ብላችሁ አትተዉት። የምትገናኙበትንም ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ ቤት ወይም ሥራ ቦታ የሚቀርብ አድርጉት፤ እሱ ከሥራ ውሎ፣ ልጆች ጥሎ ነው የሚመጣው።

ብቻችሁን እራት ስትበሉ ከጠረጴዛ ይልቅ ባንኮኒው ላይ ያለውን ወንበር ጠይቁ። ቶሎ ይገኛል፣ አስተናጋጁ ፊት ለፊታችሁ ስለሆነ ወሬ አይጠፋም፣ ብቸኝነቱም አይከብድም። ውሎ አበላችሁ በደረሰኝ የሚወራረድ ከሆነ ሒሳቡን ስትከፍሉ እዚያው ተቀበሉ።

ሆቴል መቅረትስ?

ይሄም ምርጫ ነው፣ እስከተመረጠ ድረስ። ነገ ጠዋት ንግግር የምታቀርቡ ከሆነ፣ ወይም ያሳለፋችሁት ሌሊት አውሮፕላን ላይ ከሆነ፣ ቅሩ። ጂም ወይም መዋኛ ካለ ግቡ፣ ለቤተሰብ ረጋ ብላችሁ ደውሉ፣ በጊዜ ተኙ። ሆቴል ቀርቶ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ኢሜይል መመለስን ግን ከዕረፍት አልቆጥረውም። ከምር አጣዳፊ ሥራ ካለ ሎቢው ውስጥ ሠርታችሁ ጨርሱት፣ ከዚያ ወደ ክፍል ግቡ። ገበያ መውጣትንም እዚህ ጋ ልጥቀሰውና ልለፈው፤ ለልጆች የሚገዛ ነገር ካለ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃል፣ ምሽት ሙሉ አይሰጠውም።

ሦስት ምሽት ቢኖራችሁ

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። በደረስኩበት ምሽት ጀልባ ወይም አጭር የወንዝ ዳር ጉዞ፣ ምንም ትኬት ሳልቆርጥ፣ ድካሙ በፈቀደው መጠን። ባልደረቦች በዚያው ምሽት እራት ካሉ ጀልባውን አስቀድሜ እራቱ ላይ እደርሳለሁ። ሁለተኛው ምሽት የመድረክ ነው፤ ሰውነት ትንሽ ተስተካክሏል፣ ከተማውንም መንገዱንም ለምደነዋል፣ ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅም ታውቋል። ከሦስቱ አንዱ ሙዚየም የሚያመሽበት ቀን ላይ ከዋለ ግን ቅደም ተከተሉን እሱ ይወስነው፣ መድረኩ በሌላ ቀን ይገኛል።

የመጨረሻው ምሽት ላይ ጥንቃቄ ይበዛል። በማግስቱ ጠዋት በረራ ካለ ሻንጣው በዚያው ቀን ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ታጥፎ ያልቃል፤ ማታ የሚቀረው የጥርስ ብሩሽና ቻርጀር ብቻ ይሁን። ከዚያ ከሆቴሉ በእግር ሃያ ደቂቃ የማይርቅ ቦታ እመርጣለሁ፣ ወይ ሙዚየም፣ ወይ ባንኮኒ ላይ ቀስ ተብሎ የሚበላ እራት። የጠዋቱን የአየር ማረፊያ ታክሲ ከመውጣታችሁ በፊት ሪሴፕሽን ላይ አስመዝግቡ፤ ስትመለሱ ሠራተኞቹ ሊጨናነቁ ይችላሉ።